«ደም ማነስ» ስለሚለው ቃል

«ደም ማነስ» የሚለው ስያሜ ነገሩን ከብዛት ጋር ስለሚያያይዘው ሰሚውን ያሳስታል፤ በሥሮቻችን የሚመላለሰው ደም ልኩ ሳይጎድል፣ ከሳንባ የተቀበለውን ኦክስጅን ለአካላት ሁሉ የሚያድለው ቀይ ሕዋስ ወይም በውስጡ ያለው ሄሞግሎቢን ሲሳሳ ነውና ደዌው የሚገኘው፣ በእኔ አስተያየት የግእዙ «ሕፀፅ» ይበልጥ ይቀርበዋል። በስያሜው ላይ የሚታከለው «ሥር የሰደደ» የሚለው ቅጽል ግን እጅግ የተገባ ነው፤ ሕመሙ በወራት ውስጥ ቀስ እያለ ስለሚገባ፣ ታማሚዋ ድካሟን እንደ ኑሮ ዕጣ ትቀበለዋለች።

በዲላ ቡና ስትለቅም የምትውል እናት፣ ዳገት ስትወጣ ልቧ ቢደልቅ፣ ብድግ ስትል ዓይኗ ቢጨልም፣ ጆሮዋ ቢጮኽ፣ አፈር ብዪ ብዪ ቢላት፣ «ሥራው ነው» ትላለች፤ ነገር ግን የታችኛውን የዓይኗን ቆብ በጣት ዝቅ አድርጎ ለተመለከተ፣ ሊቀላ የሚገባው ሥጋ ገርጥቶ ይታየዋል። የፊት መልክ ሲያታልል መዳፍና ድድ ይመሰክራሉ፤ ጥፍርም አንዳንድ ጊዜ እንደ ማንኪያ ይጎደጉዳል።

ዲላ በምትገኝበት፣ እንሰትና ቡና ጎን ለጎን በሚበቅሉበት በጌዴኦ ምድር፣ ከእንሰት የሚሠራው ቆጮ ያጠግባል እንጂ ሰውነት የሚጠቀምበት ብረት አይበዛበትም፤ ከማዕድ ጋር የሚጠጣው ቡናም ያንኑ ጥቂቱን እንዳይሰርጽ ያግደዋል፤ በባዶ እግር የሚገባው መንጠቆ ትል ደግሞ አንጀት ላይ ተጣብቆ ደም ይመጥጣል። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች 24 በመቶው ይህ ሕፀፅ ተገኝቶባቸዋል። ነፍሰ ጡር ሴት በአንድ ዴሲሊትር ደም ውስጥ ሄሞግሎቢኗ ከ11 ግራም ሲያንስ ደም አንሷታል ይባላል፤ ይህንንም ለማወቅ ከጣት የሚወሰድ አንድ ጠብታ ይበቃል።