የድካም ተመላሽ፤ ስለ አንድ አዲስ ቃልና ስለ ትርጓሜው

ሰው ከገነት ሲወጣ እንጀራውን በላቡ ወዝ ይበላ ዘንድ እንደ ተፈረደበት ኦሪት ዘፍጥረትን ያነበበ ሁሉ ያውቃል፤ ስለዚህም የጎጃም ገበሬ በሬዎቹን ጠምዶ ከማለዳ ጀምሮ ሲያርስ ውሎ ማታ የቀረበለትን እንጀራና ጠላ እስኪጠግብ ሲበላና ሲጠጣ፣ የደከመውን ያህል መብላቱ ተገቢ ነው ወይስ አይደለም ብሎ የጠየቀው ከቶ አልነበረም። በዘመናችን ግን፣ በተለይም ከወንበርና ከጠረጴዛ በማይርቀው የከተማ ሰው ዘንድ፣ እንጀራ ለማግኘት ሳይሆን የተበላው እንጀራ በሥጋ ላይ እንዳይከማች ተብሎ የሚደከምበት ጊዜ በመምጣቱ፣ አባቶቻችን ያላነሡት አንድ ጥያቄ ተነሥቷል፤ ይኸውም ክብደቱን ለመቀነስ የሚራመድ ወይም የሚሮጥ ሰው በእንቅስቃሴው ያቃጠለውን ካሎሪ መልሶ ይብላው ወይስ ይተወው የሚለው ነው። ይህን መልሶ መብላት እንግሊዞች «ኢቲንግ ባክ» ይሉታል፤ እኛ በዚህ ጽሑፍ «የድካም ተመላሽ» ብለን ሰይመነዋልና፣ ስሙ ለምን እንደ ተመረጠና ነገሩ ምን እንደሚፈርድ በቅደም ተከተል እንገልጻለን።

በመጀመሪያ በዓይን ከሚታየው ልነሣ። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በተመሠረተችው በደብረ ማርቆስ፣ የማለዳው ብርድ ጋቢ በሚያስደርብበት በኅዳር ወር፣ 75 ኪሎ ከሚመዝን አንድ ባልንጀራዬ ጋራ ወደ ደጀን በሚወስደው አስፋልት ዳር አንድ ሰዓት ያህል እየተራመድን እንመለስ ነበር። ከከተማ ስንገባ እጅጌውን ሰብስቦ የእጁን ሰዓት ያያል፤ ሰዓቱም 380 ካሎሪ ተቃጠለ ብሎ ይነግረዋል። ከዚያ በኋላ ቁርስ ቤት ገብተን ስንቀመጥ፣ ዘይቱ በሳህኑ ዳር እስኪቀላ ድረስ የተሠራ የእንጀራ ፍርፍር ያዝዝና፣ «ምን ይደረግ ወንድሜ፣ ሰዓቱ እኮ ፈቅዶልኛል» ይለኝ ነበር። ሁለት ወር በዚህ ዓይነት ተጓዝን፤ የባልንጀራዬ ጫማ ተረከዙ አለቀ፣ የቀበቶው ቀዳዳ ግን ከቀድሞው ስፍራ አልተነቃነቀም። ጥፋቱ የት እንደ ሆነ ለማወቅ ስንመረምር ነው የዚህ ቃል አስፈላጊነት የታየኝ።

ካሎሪ የሚለው ቃል ሙቀት ከሚለው የላቲን ቃል የወጣ ሲሆን፣ በምግብ ሒሳብ አንድ ካሎሪ ማለት አንድ ኪሎ ውሃን በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማሞቅ የሚበቃ የሙቀት መጠን ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ አሜሪካዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ዊልበር አትዋተር ምግብ በሥጋ ውስጥ የሚሰጠውን ኀይል መርምሮ፣ አንድ ግራም ፕሮቲን 4፣ አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት 4፣ አንድ ግራም ቅባት ደግሞ 9 ካሎሪ ይሰጣል ሲል ያወጣው መስፈሪያ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። በዚህ ልኬት አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ የኑግም ይሁን የሌላ፣ 120 ካሎሪ ያህል ይይዛል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ደግሞ 16 ያህል ነው። ካሎሪ የሚለውን ቃል ሕዝቡ ስለ ለመደው እንዳለ ትተነዋል፤ ትርጓሜ የሚሻው የመልሶ መብላቱ ነገር ነው።

እንደ ዋሸራ፣ እንደ ጎንጅ፣ እንደ ደብረ ኤልያስ ያሉ የቅኔ ጉባኤዎች በጸኑባት በጎጃም ምድር ቃል ሳይመዘን አይነገርምና፣ ለዚህም ነገር የቀረቡትን ስሞች አንድ በአንድ መዝነናቸዋል። የመጀመሪያው «ካሳ» ነበር፤ ነገር ግን ካሳ የሚከፈለው በደል ለደረሰበት ሰው ነው፤ መንገዱ ተራማጁን አልበደለውም፣ ይልቁንስ ጠቀመው እንጂ፤ ስለዚህ ካሳ ማለቱ ከመነሻው የተበዳይነትን ስሜት ያሳድራል። ሁለተኛው «ብድራት» ነበር፤ ብድራት በጎ ለሠራ ሰው ከጌታው የሚሰጥ ዋጋ ስለ ሆነ፣ ይህን ስም ብንቀበል ሰው አንድ ሰዓት በተራመደ ቁጥር ምግባር እንደ ሠራ ቈጥሮ ማዕዱን ዋጋ አድርጎ ይጠብቃል፤ ባልንጀራዬን ያሰናከለውም ይኸው አሳብ ነው። ሦስተኛው «የላብ ተመላሽ» ነበር፤ ይህም ለጆሮ ቢጥም ለእውነት አይስማማም፤ ወደ ዓባይ በረሃ የወረደ ሰው ጥላ ሥር ተቀምጦ ሳለ ሊያልበው ይችላል፣ በጮቄ ተራራ ብርድ ሽቅብ የሚወጣ ሰው ግን ብዙ ደክሞ ጥቂት ብቻ ያልበዋል፤ ላብ ሥጋ ራሱን የሚያቀዘቅዝበት መንገድ እንጂ የተቃጠለው ካሎሪ መስፈሪያ አይደለምና።

ስለዚህ ላቡን ትተን ድካሙን ያዝን፤ «ተመላሽ» የሚለውን ግን አጸናነው። በመሥሪያ ቤት የሠራ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ለሥራ ጉዳይ ወደ ሌላ አገር የሚላክ ሰው ገንዘብ በቅድሚያ ይወስዳል፤ ሲመለስም ደረሰኙን አቅርቦ ሒሳቡን ያወራርዳል፤ ተመላሽ የሚባለውም ሒሳቡ ከተወራረደ በኋላ የሚገኘው ልዩነት ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ብዙ፣ አንዳንድ ጊዜ ጥቂት፣ አንዳንድ ጊዜም ከነጭራሹ የለም። እንግዲህ በስሙ ውስጥ ፍርዱ አለ፤ የድካም ተመላሽ ማለት በእንቅስቃሴ ከተቃጠለው ካሎሪ ውስጥ፣ ሒሳቡ በቅን ከተወራረደ በኋላ፣ ለሥጋ በመብል መልክ ሊመለስለት የሚገባው ያህል ብቻ ማለት ነው። ሰዓቱ ያሳየው ቁጥር ገና ያልተወራረደ ሒሳብ ነው።

ማወራረዱም አራት ነገሮችን ይመለከታል። የመጀመሪያው፣ ሰው ባይራመድም ያቃጥለው የነበረውን መቀነስ ነው። ያረፈ ሰው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ በሰዓት 1 ካሎሪ ገደማ ያቃጥላል፤ በሜዳ ላይ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ያህል የሚራመድ ደግሞ 3.5 ገደማ። በዚህ መሠረት 75 ኪሎ የሚመዝነው ባልንጀራዬ በአንድ ሰዓት ርምጃ 262 ካሎሪ ያቃጥላል፤ ነገር ግን ቤቱ ቢቀመጥ ኖሮ 75 ያህሉን ማቃጠሉ አይቀርም ነበርና፣ ከርምጃው የተገኘው ትርፍ 187 ብቻ ነው።

ሁለተኛው የመሣሪያው ስሕተት ነው። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በ2017 እ.ኤ.አ. በእጅ የሚታሰሩ ሰባት ዓይነት መሣሪያዎችን መርምረው፣ የልብን ትርታ በመቍጠር ብዙዎቹ መልካም ሆነው ሲገኙ፣ የተቃጠለውን ካሎሪ በመገመት ግን ከሁሉ የተሻለው በአማካይ በ27 ከመቶ፣ ከሁሉ የከፋውም በ93 ከመቶ እንደሚሳሳት ገልጸዋል። ልብን የሚቈጥር ሁሉ ካሎሪንም በዚያው ልክ ያውቃል ብሎ ማመን አይገባም።

ሦስተኛው፣ ከሁሉም የሚያስደንቀው፣ ሥጋ በራሱ ጥበብ የሚያደርገው ቁጠባ ነው። ተመራማሪው ኸርማን ፖንትዘርና ባልደረቦቹ በታንዛንያ በአደንና ሥራ ሥር በመልቀም የሚኖሩትን የሐድዛ ሰዎች መርምረው በ2012 እ.ኤ.አ. እንዳስታወቁት፣ እነዚህ ሰዎች ከምዕራባውያን ከተሜዎች እጅግ የሚበልጥ እንቅስቃሴ እያደረጉ፣ የሥጋቸው መጠን ታስቦ ሲነጻጸር በቀን የሚያቃጥሉት ጠቅላላ ካሎሪ ግን ከከተሜዎቹ የተለየ ሆኖ አልተገኘም። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ከ1,700 የሚበልጡ ሰዎችን መዝገብ አገላብጦ፣ በእንቅስቃሴ ከሚቃጠለው ካሎሪ ውስጥ በአማካይ 28 ከመቶ ያህሉን ሥጋ ከሌላው ወጪው ቀንሶ እንደሚያካክሰው ገልጧል። በእኛ ቋንቋ ብንናገረው፣ ሥጋ ጠዋት በመንገድ ያወጣውን ከፊሉን ቀኑን ሙሉ በሌላ ስፍራ እየቈጠበ ይመልሳል፤ ስለዚህ የተወሰነው ክፍል እኛ ሳንበላው አስቀድሞ ተመልሷል።

አራተኛው አንዱን ድካም ሁለት ጊዜ መቍጠር ነው። የዕለት ምግቡን መጠን በስልክ መተግበሪያ ያስወጣ ሰው፣ ሲጀምር «የኑሮህ ሁኔታ ምን ዓይነት ነው» ተብሎ ሲጠየቅ «በየቀኑ እንቀሳቀሳለሁ» ብሎ መልሶ እንደ ሆነ፣ የጠዋቱ ርምጃ በተሰጠው መጠን ውስጥ ገብቷል፤ ያንኑ ርምጃ እንደ ገና አስልቶ ምግብ መጨመር በአንድ ደረሰኝ ሁለት ጊዜ ገንዘብ እንደ መጠየቅ ነው።

እንግዲህ ሒሳቡን እናወራርድ። ከ187 ካሎሪ ላይ ሥጋ የሚያካክሰውን 28 ከመቶ ብንቀንስ 135 ያህል ይቀራል፤ ይህም ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብዙም አይበልጥም። በዚያ በፍርፍሩ ሳህን ላይ ግን፣ በኋላ በቤት ውስጥ በማንኪያ ለክተን እንዳየነው፣ ሦስት ማንኪያ ዘይት ይገባል፤ እንጀራው ሳይቈጠር 360 ካሎሪ ነው። አንድ ኪሎ የሥጋ ስብ 7,700 ካሎሪ ያህል የተከማቸበት ነው ከሚለው የተለመደ ግምት ተነሥተን ብናሰላው፣ በቀን 135 ካሎሪ የሚያተርፍ ተራማጅ አንድ ኪሎ ለመቀነስ 57 ቀን ያስፈልገዋል፤ ይህም ከ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ሁለት ቀን ብቻ ይበልጣል። ሁዳዴን በሙሉ በየማለዳው አንድ አንድ ሰዓት የተራመደ ሰው፣ ምንም ተመላሽ ሳይወስድ፣ በርምጃው ብቻ የሚያገኘው አንድ ኪሎ የማይሞላ ነው ማለት ነው። ይህን የምናገረው ርምጃን ለማቃለል አይደለም፤ ርምጃ ለልብ፣ ለደም ግፊት፣ ለስኳርና ለእንቅልፍ የሚሰጠው ጥቅም ክብደት ባይቀንስም እንኳ የጸና ነው። የምናገረው ትርፉ ትንሽ ስለ ሆነ በቁርስ ሰዓት ሊበተን እንደማይገባው ለማስገንዘብ ነው።

ይሁን እንጂ ተመላሹን ሙሉ በሙሉ ሊወስዱ የሚገባቸው ሰዎች አሉ፤ ይህን ሳይናገሩ ማለፍም ኃጢአት ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. በታተመ አንድ ጥናት ዐሥር ኢትዮጵያውያን የረጅም ርቀት ሯጮች ለሰባት ቀን ምግባቸው እየተመዘነ ሲመረመር፣ በቀን 3,300 ካሎሪ ያህል እያቃጠሉ 3,200 ያህል እንደሚበሉ፣ ከዚህም 64 ከመቶ ገደማው ከካርቦሃይድሬት እንደሚገኝ ታውቋል። እነዚህ የድካማቸውን ተመላሽ እስከ መጨረሻው ሳንቲም የሚቀበሉ ናቸው፤ ዓለምን የሚቀድሙበት ጉልበትም ያለዚህ አይጸናም። ብዙ እየሮጠ የማይበላ ስፖርተኛ ኀይሉ ይደክማል፣ አጥንቱ ይሳሳል፣ ሴት ከሆነችም የወር አበባዋ ሊቋረጥባት ይችላል፤ ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴም በ2014 እ.ኤ.አ. ይህን ጉዳት በስሙ ጠርቶ አስጠንቅቋል። እንደዚሁም በእርሻና በአጨዳ ወራት የሚደክመው ገበሬ፣ ሸክም የሚሸከመው የቀን ሠራተኛ፣ የምታጠባ እናት፣ በዕድገት ላይ ያለ ልጅ፣ ክብደት መቀነስ ጉዳያቸው አይደለምና የደከሙትን ያህል ይብሉ። ለስኳር ሕመም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ደግሞ በእንቅስቃሴ ምክንያት ስኳሩ እጅግ ሊወርድበት ስለሚችል፣ ምግቡንና መድኃኒቱን ከሐኪሙ ጋራ ተማክሮ ይወስን እንጂ በዚህ ጽሑፍ አይመራ።

ክብደቱን ለመቀነስ ለተነሣው ጤነኛ ሰው ግን ፍርዳችን ይህ ነው። ርምጃው አንድ ሰዓትና ከዚያ በታች ከሆነ ተመላሽ አይውሰድ፤ ውሃውን ጠጥቶ የተለመደውን ቁርሱን ይብላ። እንቅስቃሴው ረጅምና ብርቱ ከሆነ፣ ለምሳሌ ከአንድ ሰዓት በላይ የሮጠ ወይም ግማሽ ቀን ዳገት የወጣ እንደ ሆነ፣ ሰዓቱ ከነገረው ከግማሽ የማይበልጠውን ይመልስ፤ እርሱንም በዘይትና በስኳር ሳይሆን በእንጀራና በሽሮ፣ በባቄላ ንፍሮ፣ በእንቁላል ይመልስ። ከዚያም ለአራት ሳምንት፣ ሁልጊዜ ጠዋት ከመብላቱ በፊት፣ ክብደቱን እየተመዘነ የሳምንቱን አማካይ ይመዝግብ፤ ሚዛኑ ካልወረደ ተመላሹን ይቀንስ፤ በሳምንት ከአንድ ኪሎ በላይ ከወረደ፣ ወይም ራሱን ካዞረው፣ እንቅልፍ ካጣ፣ ጉልበቱም ከዛለ፣ ተመላሹን ይጨምር። ወፍሮ መታየት የጥጋብና የክብር ምልክት ሆኖ «አማረብህ» በሚባልበት አገር ይህን ጠብቆ መገኘት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም በልክ መብላት በጾም ሥርዐት ላደገ ሕዝብ እንግዳ ትምህርት አይደለም።

ባልንጀራዬ ርምጃውን አልተወም፣ ፍርፍሩንም አልተወም፤ የተወው የሰዓቱን ፈቃድ ነው። አሁን ፍርፍሩ በቤቱ በአንድ ማንኪያ ዘይት ይሠራለታል፤ ከሁለት ወር በኋላም ሚዛን ላይ ሲወጣ 73 ኪሎ ተኩል መዘነ።