የባዕድ ልጅ ያሳደጉ መንደሮች

የጋይንት ልጅ ቅኔ ፍለጋ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ይገባል፤ የጎጃሙ ደግሞ ድጓ ለማስመስከር ወደ ጋይንት ቤተልሔም ይወጣል። ሁለቱም ስንቃቸው ከጥቂት ቀን አያልፍም። ከዚያ በኋላ የሚያኖራቸው የማያውቃቸው መንደር ነው። ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመስፋፋቱ በፊት፣ በክርስቲያኑ ሰሜንና መሀል ኢትዮጵያ፣ ሊቅ የሚሆን ወጣት ያደገው በዚህ መልክ ነበር።

ትምህርቱ የሚጀምረው ከአጥቢያው ደጃፍ፣ ከፊደል ገበታ ነው። አቡጊዳውን የለየ ልጅ ወደ መልእክተ ዮሐንስና ወደ ወንጌሉ ይሻገራል፤ በመጨረሻም 150ውን መዝሙረ ዳዊት ይደግማል። አብዛኛው ልጅ እዚህ ያበቃል። ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤትና መጽሐፍ ቤት መግባት የሚሻ ግን ከአገሩ ይርቃል። ወላጆቹ እንዳያስቀሩት ጠፍቶ የሚሄደውም ጥቂት አልነበረም።

የደረሰበት መንደር ግብር አይጠይቀውም። ተማሪው ከጓደኞቹ ጋር ጎጆ ይቀልሳል፤ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ለውሻው ዱላውን ይዞ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ይቆማል። ባለቤቲቱ ከሞሰቧ ቁራሽ፣ ከቆሎዋም እፍኝ ትሰጠዋለች። በዝክርና በተስካር ቀንም ተማሪ አይረሳም። የእሷም ልጅ ምናልባት በዚያው ሰዓት ሌላ አገር፣ በሌላ ሴት ደጅ ቆሞ ይሆናል። ማንም ሳይጽፈው የጸና ውል ነበር፤ እኔ ያንተን ልጅ ላብላ፣ የእኔን ደግሞ ሌላው ያበላዋል።

እንጀራ ብቻውን ግን ሰው አያደርግም። የቅኔ ቤቱን አሠራር ያየ ሌላውን ምሥጢር ያገኘዋል። ተማሪው ዛፍ ሥር ወይም መስክ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል። ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። የቆጠረውን ለአስነጋሪው ይነግራል፤ አስነጋሪው ያቃናለታል። አስነጋሪው ራሱ ተማሪ ነው፤ ከጥቂት ጊዜ በፊት እሱም እንዲሁ ሲታረም ነበር። የኔታ መቶውንም ሁለት መቶውንም ብቻቸውን ማስተማር ስለማይችሉ፣ የገባው ያልገባውን ያስተምራል። ገና ጢም ያላወጣ ልጅ በዚህ መንገድ የሌላ ልጅ ኃላፊ ይሆናል። የትናንት ቅኔም ዛሬ ስለማይደገም፣ በየቀኑ አዲስ ነገር ማሰብ ግዴታው ነው።

ኑሮው የተመቸ አልነበረም። ረኃቡ፣ ብርዱ፣ እከኩና ወረርሽኙ ብዙዎችን ከመንገድ አስቀርቷል፤ ዱላም ከትምህርቱ አይለይም ነበር። በሩ ለሴት ልጅ እምብዛም አልተከፈተም። ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ከቅኔ መምህር አባታቸው ተምረው በጎጃም ቅኔ ማስነገራቸው እስከ ዛሬ እንደ ብርቅ የሚነሣውም ለዚህ ነው።

ከዚህ ጉባኤ የወጡት ሁሉ ካህን ሆነው አልቀሩም። ሐዲስ ዓለማየሁ በጎጃም አድባራት የቀሰሙት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የተማሪውን ሕይወት ከውስጥ ሆነው እንዲያሳዩ አስችሏቸዋል። መንግሥቱ ለማም የአባታቸውን የአለቃ ለማ ኃይሉን የተማሪነት ትዝታ መጽሐፍ አድርገው ለትውልድ አቆይተዋል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት መሆኑ ሲታወጅ የየደብሩ መሬት ሄደ፤ ብዙ መምህራንም መተዳደሪያ አጡ። ጉባኤው ቢሳሳም አልተበተነም። የኔታን ያቆየው መሬቱ ቢሆንም ተማሪውን ሲያበላ የኖረው የየቤቱ ሞሰብ ነበርና።

ዛሬ «ለወጣቶቻችን ምን እናድርግ?» የሚል አጥቢያ ስለ አዳራሽና ስለ በጀት ይመክራል፤ ደግ ነው። እነዚያ መንደሮች ግን ሁለቱም ሳይኖራቸው ሊቅ አፍርተዋል። ለመጣው ልጅ ዘሩን ሳይጠይቁ አበሉት፤ ጥቂት እንዳወቀም ከእሱ በታች ያለውን ልጅ በአደራ ሰጡት።