የመንግሥት ሥራ አምራች ነው ወይስ አይደለም?

ከላልይበላ ወጣ ብላ በምትገኘው ገነተ ማርያም ከአንድ አዛውንት ገበሬ ጋር ስንጨዋወት "ለመሆኑ ልጄ፣ ሥራህ ምንድን ነው?" አሉኝ። የመንግሥት ሠራተኛ መሆኔን ነገርኳቸው። "እሱማ ደመወዝህ ነው፤ እኔ የጠየቅሁህ ሥራህን ነው" ብለው ሳቁ።

ጥያቄያቸው የኢኮኖሚ ሊቃውንትን ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ያከራከረ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ እነ ፍራንሷ ኬኔ ትርፍ ምርት የሚያስገኘው ግብርና ብቻ ነው፣ ነጋዴውና የእጅ ባለሙያው "መካን" መደብ ናቸው ይሉ ነበር። አዳም ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1776 ባሳተመው መጽሐፍ የፋብሪካ ሠራተኛውንም ከአምራቾች ጎራ አስገባ። ንጉሡን፣ ዳኛውን፣ ወታደሩን፣ ቄሱንና ሐኪሙን ግን ከቤት አሽከር ጋር አንድ ላይ መደባቸው። ምክንያቱም ሥራቸው ወዲያው የሚያልፍ እንጂ ቆይቶ የሚሸጥ ዕቃ የሚተው አይደለም። ልብ በሉ፣ ስሚዝ አይጠቅሙም አላለም፤ አያመርቱም ነው ያለው።

ፈረንሳዊው ዣን ባቲስት ሴይ እ.ኤ.አ. በ1803 ይህን ተቃውሞ የሐኪም ምክርም የማይጨበጥ ምርት ነው አለ። ካርል ማርክስ ደግሞ መለኪያውን ለወጠው። ለእሱ ዋናው ነገር ዕቃ መመረቱ ሳይሆን ለባለሀብት ትርፍ መገኘቱ ነው። ስለዚህ የግል ትምህርት ቤት መምህር ባለቤቱን ካበለጸገ አምራች ነው። በዚሁ መለኪያ ያንኑ ትምህርት በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚሰጥ መምህር አምራች አይባልም።

ዛሬ አገሮች የሚከተሉት የተባበሩት መንግሥታት የብሔራዊ ሒሳብ ሥርዓት የመንግሥትን አገልግሎት ከአገር ውስጥ ምርት ይደምራል። ገበያ ላይ ስለማይሸጥ ግን የሚተመነው በወጪው ነው፤ ከወጪው ትልቁ ድርሻ ደግሞ ደመወዝ ነው። በዚህ ስሌት ቀኑን ሙሉ ባለጉዳይ ሲያስተናግድ የዋለና ኮቱን ወንበር ላይ ሰቅሎ የጠፋ ሠራተኛ እኩል "ያመርታሉ"።

ጉዳዩ የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። በእኛ አገር በጀት የትምህርት ቤት ሕንፃ ካፒታል ወጪ ሲባል የመምህሩ ደመወዝ መደበኛ ወጪ ይባላል። መምህር የሌለው ሕንፃ ግን ከመጋዘን በምን ይለያል? በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ልማታዊ ሴፍቲኔት ችግረኛው ገበሬ እርከን ሠርቶ እህል ወይም ገንዘብ እንዲያገኝ አድርጓል። እርከኑ በዓይን ስለሚታይ "ልማታዊ" ለመባል አልተቸገረም። በ1990ዎቹ አጋማሽ በየቀበሌው መመደብ የጀመሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችስ? እናት ከወሊድ ሞት ስትተርፍ፣ ሕፃን ሲከተብ የሚቆለል ድንጋይ የለም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ላስታ በደረሰ ጊዜ ግን የመንግሥት አገልግሎት ሲቋረጥ ምን እንደሚጎድል የአካባቢው ሰው በሚገባ አይቷል።

ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ከሞተ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው "መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር" የአገርን ሀብት ከሥራና ከዕውቀት ጋር አያይዞት ነበር። በእኔ እምነትም የዳኛው፣ የመምህሩና የነርሷ ሥራ የሌላውን ሰው የማምረት አቅም ያሳድጋል፤ ስለዚህ አምራች ነው። ይህ ማለት ግን በመንግሥት ደመወዝ የሚከፈልበት ነገር ሁሉ ሥራ ነው ማለት አይደለም። የብሔራዊ ሒሳብ ባለሙያዎች ደመወዝን የሥራ መለኪያ ለማድረግ ተገደዋል። የገነተ ማርያሙ አዛውንት ግን ሁለቱን ለይተው ነበር የጠየቁኝ።