የተሸጠ ርስትና የወራሽ ጥያቄ

«ርስት በሺህ ዓመት ለባለቤት» ይላል ያገራችን ሰው። ሁላችንም ይህን ስንሰማ አድገናል። ግን እስቲ እንጠይቅ፤ አባት የሸጠውን መሬት የልጅ ልጅ መጥቶ «የኔ ነው» ቢል ባለቤቱ ማን ነው? ገንዘቡን ቆጥሮ የገዛው ወይስ አጥንቱን ቆጥሮ የመጣው?

ከሐይቅ እስጢፋኖስ እንጀምር። አባ ኢየሱስ ሞዐ ገዳሙን ያቋቋሙት በ1240 ዓ.ም. ገደማ ነው። በ1273 ዓ.ም. ለገዳሙ ያበረከቱት ወንጌል እስከ ዛሬ አለ። በዚያ ወንጌል ላይ ከቅዱሱ ቃል ሌላ ነገሥታት ለገዳሙ የሰጡት መሬት ተመዝግቦበታል። የመሬት ነገር ወንጌል ላይ የሚጻፍበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ውግዘት ያለበትን ጽሕፈት ደፍሮ የሚፍቅ እጅ በቀላሉ አይገኝማ። ሰጪው ሲያልፍ የሚተካው «አላውቅም» እንዳይል ነው። የነገውን ሰው መፍራት እንግዲህ ያን ያህል የቆየ ነገር ነው።

ለገዳም የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ጉልት ነው፤ ማለት ግብሩን የመብላት መብት። ርስት ግን የባላገሩ ነው፤ እሱም ቢሆን የብቻው አይደለም። መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት የሚወለድ ሁሉ፣ በአባቱም በእናቱም ቆጥሮ ድርሻ ይጠይቃል። ስለዚህ ገበሬው ያርሳል፣ ይበላል፣ ያወርሳል፤ ለባዕድ ሸጦ መገላገል ግን አይሆንለትም። ችግር ሲጠናበት ወለድ አገድ ይሰጣል፤ አበዳሪው ምርቱን በወለድ ፈንታ ይበላል፣ ባለርስቱ ወይም ልጁ ገንዘቡን ሲመልስ መሬቱን ያስለቅቃል።

ሽያጭ አልነበረም ማለታችን አይደለም። በጎንደር ዘመን የተደረገ የመሬት ሽያጭ ዋጋው፣ ምስክሩና ዋሱ ሳይቀር በአብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ላይ ተጽፎ ይገኛል። ገዢው ያን ሁሉ ምስክር የሚደረድረው ለምን ይመስላችኋል? ነገ የሚነሣውን ወራሽ ፈርቶ ይመስለናል።

ይህ ጣጣ የኛ ብቻ አይደለም። በሕንድ አገር፣ ሚታክሻራ በሚባለው የሂንዱ ሕግ፣ ወንድ ልጅ ከአያት በወረደ ንብረት ላይ ገና ሲወለድ መብት ያገኛል። አባት ያለ በቂ ችግር ቢሸጥ ልጁ ሽያጩን ይቃወማል። ሴት ልጅ ግን ይህን የመወለድ መብት በመላ አገሪቱ ያገኘችው በ1997 ዓ.ም. በወጣ ማሻሻያ ነው። የኛ ርስት በደንቡ ሴትንም ይቆጥር ነበር፤ ርቃ ላገባችው ግን ድርሻዋን ማስከበር ሌላ ነገር ነው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ለርስት አድልቷል። የውርስ ክስ ከ15 ዓመት በኋላ አይሰማም ብሎ ሲያበቃ ከዘር የወረደውን ርስት ከዚህ ገደብ አስቀረው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ለድኻው ጋሻ ነበር? በከፊል አዎን። በክፉ ቀን አባት ያሳለፈውን መሬት ልጅ ሊያስመልስ ተስፋ ነበረው። ነገር ግን ሙግት ስንቅ ይፈልጋል፣ ምስክር ይፈልጋል፣ ነገረ ፈጅና ደጅ መጥናት ይፈልጋል። አጥንት ሁሉም አለው፤ አጥንቱን ቆጥሮ የሚረታው ግን አቅም ያለው ነው። ድንጋዩን ለቅሞ ማሳውን ያለማ ገዢም ካንድ ትውልድ በኋላ ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ይህን ሙግት ቆረጠው። መሬት የሕዝብ ሆነ፤ መሸጥም በወለድ አገድ መስጠትም ተከለከለ። በርስት አገር መሬቱ ለሚያርሰው ተተወ፤ ከእንግዲህ ማንም ዘር ቆጥሮ እንዳይጠይቅ ተደነገገ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል።

ሺህ ዓመቱ እንግዲህ ባንድ አዋጅ አለቀ። ጥያቄው ግን አላለቀም፤ ቤት ዛሬም ይሸጣል፣ ሽያጩ ላይ ያልፈረመ ወራሽም ዛሬም ፍርድ ቤት ይቆማል። እኛ የምንለው ይህን ነው፦ ሻጭ ከድርሻው በላይ አይሽጥ፣ ያልተጠየቀ ወራሽም ይሰማ። ዐውቆ ዝም ያለ ወራሽ ግን የሌላው ላብ መሬቱን እስኪያለማ ጠብቆ «የኔ ነው» አይበል። አያቶቻችን የመጀመሪያውን በደንብ ያውቁት ነበር፤ ሁለተኛውን ግን ብዙዎች ከተጎዱ በኋላ ነው የተማርነው።