ልጆች ይዞ ረጅም መንገድ፦ በመኪና ወይስ በአውሮፕላን?

የሰኔ ወር ሲቃረብ በቶሮንቶ፣ በዳንፎርዝ ጎዳና በሚገኙት የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች አንድ ጥያቄ ከቡናው ጋር አብሮ ይቀርባል። «ዘንድሮ በመኪና ነው ወይስ በአውሮፕላን?» ጠያቂውም ተጠያቂውም ብዙውን ጊዜ ልጆች ያሏቸው ናቸው። ብቻውን የሚኖር ሰው ሻንጣውን አንጠልጥሎ ባገኘው ይሄዳል። ሦስት ልጆች ያሉት አባወራ ግን ጉዳዩን ከባለቤቱ ጋር ሳምንታት ይመክርበታል። አንዱ ገንዘቡን ያሰላል፤ ሌላው የልጆቹን ድካም ያስባል።

ጥያቄው ተራ የቤት ወሬ ቢመስልም የራሱ ታሪክ አለው። ታሪኩን ማወቁ ደግሞ ለውሳኔው ይረዳል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በአገር ቤት የነበረው

በአባቶቻችን ዘመን ረጅም መንገድ ማለት በቅሎ፣ ስንቅና ብዙ ቀን ማለት ነበር። ሕፃን በአንቀልባ ይታዘላል፤ ከፍ ያለው በበቅሎ ላይ ይፈናጠጣል፤ በሶና ቆሎ ይቋጠራል። የጅቡቲ ባቡር 784 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ደግሞ በ1945 መጨረሻ ተቋቁሞ ሚያዝያ 8 ቀን 1946 የመጀመሪያ በረራውን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት የተቋቋመው ከዚያ በኋላ፣ በ1951 ነው።

ከዚህ ቅደም ተከተል አንድ ነገር እንረዳለን። አገሪቱ ተራራና ሸለቆ የበዛባት በመሆኗ፣ ከአስፋልት በፊት አውሮፕላን ያዩ የአገራችን ከተሞች ጥቂት አይደሉም። ያም ሆኖ አውሮፕላን የሹም፣ የነጋዴና የባለ ገንዘብ መጓጓዣ ሆኖ ቆየ። ሕዝቡ ልጆቹን ይዞ የሚጓዘው በአውቶቡስ ነበር። ስለዚህ ወደ ካናዳ የመጣው ሰው «በመኪና የሚሄድ ቤተሰብ ቆጣቢ ነው፣ በአውሮፕላን የሚሄድ ባለጸጋ ነው» የሚለውን አስተሳሰብ ይዞ መጣ ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ተዘርግቶ የጠበቀ መንገድ

ኢትዮጵያውያን በብዛት ወደ ቶሮንቶ መምጣት በጀመሩበት በ1980ዎቹ ዓመታት መንገዱ ተዘርግቶ ይጠብቃቸው ነበር። ፎርት ኢሪን ከቡፋሎ የሚያገናኘው የሰላም ድልድይ የተከፈተው በ1927 ነው። ከቶሮንቶ ወደ ናያጋራ የሚወስደው የንግሥት ኤልሳቤጥ መንገድ በ1939 ተመረቀ። ከዊንዘር እስከ ኩቤክ ወሰን 828 ኪሎ ሜትር የሚሸፍነው አውራ ጎዳና 401 በ1968 ተጠናቀቀ። በአሜሪካ በኩልም በ1956 በወጣው ሕግ መሠረት ክፍለ ሀገራቱን የሚያገናኙት ሰፋፊ ጎዳናዎች ተሠርተዋል።

መንገዱ ቢኖርም ወረቀቱ ግን አልነበረም። ከአገሩ በሱዳን፣ በኬንያ ወይም በጅቡቲ በኩል ወጥቶ ካናዳ የገባ ስደተኛ የካናዳ ዜግነት እስኪያገኝ ድረስ አሜሪካ ለመግባት ቪዛ ያስፈልገው ነበር። ስለዚህ በእነዚያ ዓመታት ለብዙ ቤተሰቦች ጥያቄው «በመኪና ወይስ በአውሮፕላን» ሳይሆን «ድንበሩን ያሳልፉናል ወይ» የሚል ነበር። ካናዳ የተወለደው ሕፃን ከወላጆቹ ቀድሞ ዜጋ ይሆናል፤ ልጁ ማለፍ ሲችል እናትና አባት ወረቀት ይጠብቃሉ። ዜግነቱ ሲገኝ የመጀመሪያው ረጅም ጉዞ ወደ ዋሽንግተን፣ እህት ወንድም ወይም አብሮ አደግ ወዳለበት፣ የሆነላቸው ብዙ ናቸው።

ኳሱ የጠራው ሕዝብ

የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌዴሬሽን በ1984 በቴክሳስ፣ በሂውስተን ከተማ ተመሠረተ። በየዓመቱ በሐምሌ 4 ሰሞን የሚደረገው ውድድር ከእግር ኳስነቱ አልፎ የዘመድ መገናኛ ሆነ። ከተማው በየዓመቱ ስለሚለዋወጥ የቤተሰቡም ስሌት አብሮ ይለዋወጣል። በ2013 ሠላሳኛው ዓመት በዋሽንግተን አጠገብ በሜሪላንድ ሲከበር ከቶሮንቶ ያለው ርቀት ወደ 800 ኪሎ ሜትር ነበር። በ2016 ዝግጅቱ ቶሮንቶ ሲመጣ ደግሞ ተጓዡ ሌላው ሆነ፤ የቶሮንቶ ሰው እንግዳ ተቀባይ ነበር። በ2017 ሲያትል፣ በ2018 ዳላስ ሆነ። ወደ ሲያትል ያለው መንገድ ከ4 ሺህ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ዳላስም ከ2 ሺህ በላይ ነው።

ስሌቱ እንዲህ ነው። በመቶ ኪሎ ሜትር 10 ሊትር ቤንዚን የምትበላ መኪና ለዋሽንግተን ደርሶ መልስ 160 ሊትር ያህል ትፈልጋለች። ሁለት ሰው ቢሳፈርም አምስት ሰው ቢሳፈርም ቤንዚኑ ያው ነው። አውሮፕላን ግን በነፍስ ወከፍ ያስከፍላል። ልጅ በበዛ ቁጥር መኪናው ይረክሳል የሚባለው ስለዚህ ነው። ርቀቱ ሲጨምር ግን ነገሩ ይገለበጣል። ዳላስ ለመድረስ ሁለት ሙሉ ቀን፣ ለመመለስ ሌላ ሁለት ቀን ይሄዳል። የመኝታና የምግብ ወጪ፣ ከዚያም በላይ ከሥራ የሚቀረው የአራት ቀን ደመወዝ ሲታከልበት ርካሽ የተባለው መንገድ ርካሽ ሳይሆን ይቀራል። ሁለቱን ያጣመረ ሦስተኛ መንገድም አለ፤ እስከ ቡፋሎ በመኪና ሄዶ ከዚያ በአሜሪካ የአገር ውስጥ በረራ መሳፈር። ብዙ የቶሮንቶ ነዋሪ በዋጋው ምክንያት ይህን ይመርጣል።

በጭን ላይ ያለው ሕፃን

በአውሮፕላን ሕግ ዕድሜው ከሁለት ዓመት በታች የሆነ ሕፃን በወላጁ ጭን ላይ ሊሄድ ይችላል። በአገር ውስጥ በረራ ብዙውን ጊዜ በነፃ፣ በውጭ አገር በረራ ደግሞ ከአዋቂው ዋጋ በጥቂቱ ይከፈልለታል። ለዚህም ነው «ሁለት ዓመት ሳይሞላው እንሂድ» የሚባለው። ይህ ልማድ ግን በአንድ ወቅት ከባድ ክርክር አስነሥቷል።

ሐምሌ 19 ቀን 1989 ከዴንቨር ወደ ቺካጎ ይበር የነበረ የዩናይትድ አየር መንገድ አውሮፕላን ሞተሩ ተበላሽቶ በአዮዋ ክፍለ ሀገር በሱ ሲቲ ተከሰከሰ። ከ296 ሰዎች 184ቱ ተረፉ። በጭን ላይ የነበሩ አራት ሕፃናት ነበሩ። የአስተናጋጆቹ ኃላፊ ጃን ብራውን በወቅቱ በነበረው መመሪያ መሠረት ወላጆቹ ሕፃናቱን ወለል ላይ እንዲያስተኙ ነገረች። ከአራቱ አንዱ ሞተ። ጃን ብራውን ከዚያ በኋላ «እያንዳንዱ ሕፃን የራሱ ወንበርና ቀበቶ ይኑረው» እያለች ለብዙ ዓመታት ተከራከረች። የአሜሪካ የአደጋ መርማሪ ቦርድም ሐሳቡን ደገፈ።

ይሁንና የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለ ሥልጣን በ2005 ወንበሩን ግዴታ ላለማድረግ ወሰነ። ምክንያቱ ለማንኛውም ወላጅ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ለሕፃኑም ትኬት መግዛት ግዴታ ቢሆን አንዳንድ ቤተሰቦች በአውሮፕላን መሄዱን ትተው በመኪና ይሄዳሉ፤ በመኪና መንገድ የሚሞተው ሕፃን ደግሞ በአውሮፕላን ከሚተርፈው ይበልጣል የሚል ነው። መሥሪያ ቤቱ ያም ሆኖ ለሕፃኑ የሚሻለው በራሱ ወንበር መታሰሩ መሆኑን ይመክራል፤ ግዴታ አላደረገውም እንጂ።

ይህ ሐሳብ ከግምት ያለፈ መሆኑን ከ2001 በኋላ የሆነው ያሳያል። ከመስከረም 11ዱ ጥቃት በኋላ ብዙ አሜሪካውያን አውሮፕላን ፈርተው መኪና ያዙ። የጀርመኑ ተመራማሪ ጌርድ ጊገረንዘር እንዳሰላው፣ በቀጣዩ አንድ ዓመት ውስጥ በዚህ ምክንያት ብቻ 1,500 ያህል ሰዎች በመኪና አደጋ ሞተዋል። ሰዎቹ የሸሹት አደጋ ካገኛቸው አደጋ ያነሰ ነበር። በመሪው ላይ የተቀመጠ ሰው ነገሩ ሁሉ በእጁ ያለ ይመስለዋልና አይፈራም፤ ከፍርሃቱ ይልቅ ግን ቁጥሩን ማየት ይበጃል።

ድንበሩ ሲጠብቅ

ከ2001 በኋላ ድንበሩም እንደ ቀድሞው አልሆነም። ከ2007 መጀመሪያ ጀምሮ በአውሮፕላን አሜሪካ ለሚገባ የካናዳ ዜጋ ፓስፖርት ግዴታ ሆነ። ከሰኔ 2009 ጀምሮ ሕጉ ወደ ምድሩ ድንበር ተሻገረ። ሆኖም ዕድሜያቸው ከ16 ዓመት በታች የሆኑ የካናዳ ዜጎች በምድር ሲሻገሩ በልደት ምስክር ወረቀት እንዲያልፉ ተፈቀደ። በአውሮፕላን ግን ሕፃኑም ፓስፖርት ይጠየቃል። ለሦስት ልጆች ፓስፖርት ማውጣት ራሱን የቻለ ወጪ ስለሆነ ይህ ልዩነት ብዙ ቤተሰብ መኪናን እንዲመርጥ አድርጓል።

በ2020 ደግሞ ያልታሰበ ነገር ሆነ። በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት መጋቢት 21 ቀን የምድሩ ድንበር አስፈላጊ ላልሆነ ጉዞ ተዘጋ። ካናዳዊ በአውሮፕላን አሜሪካ መግባት ሲችል በመኪና ግን አይችልም ነበር። ድንበሩ በአሜሪካ በኩል የተከፈተው ኅዳር 8 ቀን 2021 ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ በቡፋሎ ያለ ዘመዱን ለማየት የሁለት ሰዓት መንገድ የተከለከለ፣ ዘመዱን በስልክ ብቻ ያገኘ ቤተሰብ ቁጥሩ ቀላል አይደለም።

ምርጫ የሌለበት መንገድ

አንድ ጉዞ ግን መኪና ይሻላል ተብሎ የማይከራከሩበት ነው፤ ወደ አገር ቤት የሚደረገው። በደርግ ዘመን የወጣ ሰው ወደ ኋላ መመለስ ስለማይችል፣ የብዙዎቹ የመጀመሪያ ጉዞ የተደረገው ከ1991 በኋላ ነው። ያኔ ከቶሮንቶ የሚነሣ ሰው በለንደን፣ በፍራንክፈርት፣ በሮም ወይም በአምስተርዳም በኩል ዞሮ፣ ሕፃን ታቅፎ በየአውሮፕላን ጣቢያው ወንበር ላይ ማደር ነበረበት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1998 ወደ አሜሪካ መብረር ሲጀምር መንገዱ አጠረ። በሐምሌ 2012 ደግሞ ቶሮንቶን ከአዲስ አበባ ጋር አገናኘ።

ከ11 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው ይህ ጉዞ ሲሄዱ ወደ 13 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ሲመለሱ ግን አውሮፕላኑ በመንገድ ላይ ቆሞ ነዳጅ ይሞላል። ለዚህ አንዱ ምክንያት ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ መሆኑ ነው። አየሩ ስለሚሳሳ ከባድ አውሮፕላን ሙሉ ነዳጅ ይዞ ለመነሣት ይቸገራል። ልጆች ይዞ የሚመለስ ወላጅ ይህን ተጨማሪ ሰዓት አስቀድሞ ቢያውቀው ወተቱንና ልብሱን በዚያው ልክ ያዘጋጃል።

እዚህ ላይ ዋጋው የሚለካው በገንዘብ ብቻ አይደለም። አምስት ትኬት መግዛት ያልቻለ ቤተሰብ «ልጆቹ ከፍ ሲሉ» እያለ ያዘገያል። ልጆቹ ከፍ ሲሉ ትኬቱ ሙሉ ይሆናል፤ አያት ደግሞ ያረጃሉ። የልጅ ልጃቸውን በፎቶግራፍ ብቻ አይተው ያረፉ አያቶች ታሪክ በየቤቱ አለ። ስለዚህ አንዳንድ ቤተሰቦች የሁለትና የሦስት ዓመት የአጭር ጉዞ ወጪያቸውን ትተው ለዚህ አንድ ጉዞ ያጠራቅማሉ። ያደረጉት ሲጸጸቱ አይሰማም።

ከታሪኩ የሚወሰደው

ያለፉት ዓመታት የሚያስተምሩት በአጭሩ ይህ ነው። በአንድ ቀን ብርሃን ለሚደረስበት ቦታ፣ ልጅም ከበዛ፣ መኪና ያዋጣል። ከዚያ ለሚርቀው ግን ቤንዚኑን ብቻ ሳይሆን ቀኑንና ድካሙንም መቁጠር ያስፈልጋል። ከሥራ መጥቶ ሳይተኙ ሌሊቱን መንዳት የሚተርፈው ገንዘብ ለሚተርፈው ጉዳት አይበቃም፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላልና። ኦንታሪዮ ቀበቶ ማሰርን በካናዳ ቀድማ ግዴታ ያደረገችው ከጥር 1976 ጀምሮ ነው። ከመስከረም 2005 ጀምሮም ስምንት ዓመት ያልሞላው፣ ቁመቱ ከ145 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱም ከ36 ኪሎ በታች የሆነ ልጅ ከፍ በሚያደርግ ወንበር እንዲቀመጥ ታዟል። እናት ወይም አባት ብቻውን ልጆች ይዞ ድንበር ሲሻገር ከሌላው ወላጅ የፈቃድ ደብዳቤ መያዙም ከብዙ ጥያቄ ያድናል።

የአባቶቻችን ልጅ በአንቀልባ ታዝሎ በእናቱ ጀርባ ሙቀት ተጓዘ። የዛሬው በኋላ ወንበር ታስሮ «ደረስን ወይ?» እያለ ይጠይቃል፤ ወይም በመስኮት ደመና ይቆጥራል። መጓጓዣው ተለወጠ እንጂ የመንገዱ ምክንያት ያው ነው፤ ልጁ ዘመዱን እንዲያውቅ፣ ዘመዱም ልጁን እንዲያየው።

መልካም መንገድ።