የኢንተርኔት ራዲዮ አጀማመር

በ1935 ዓ.ም. የተነሣውን የትግራይ ገበሬዎች ዐመፅ ስም በተሸከመው የመቐለ የገበያ ሰፈር፣ በቀዳማይ ወያነ፣ የሚውል ነጋዴ ከጀርመን የሚሰራጨውን የአማርኛ ዜና ዛሬ በእጅ ስልኩ ለማዳመጥ ቢሻ ጣቱን ከማሳረፍ በቀር ድካም የለበትም፤ ሆኖም ነገሩ እንዲህ ቀላል እስኪሆን ድረስ የዘርፉ ሊቃውንት ከብዙ ፈተና ጋር ታግለዋል።

በፈረንጅ አቆጣጠር በ1993 ካርል ማላሙድ የተባለ አሜሪካዊ «ኢንተርኔት ቶክ ራዲዮ» የተሰኘውን መርሐ ግብር ሲጀምር፣ አድማጩ መስማት የሚችለው ፋይሉ ሙሉ በሙሉ ከወረደለት በኋላ ነበር። በስልክ ጥራት የተቀዳ ድምፅ በየሴኮንዱ 64,000 ቢት ሲፈጅ፣ የጊዜው የቤት ሞደም የሚያሳልፈው ግን 14,400 ቢት ብቻ ስለ ነበረ፣ የግማሽ ሰዓት ንግግር ለማውረድ ከሁለት ሰዓት በላይ መታገሥ ግድ ይል ነበር። በዚያው አቆጣጠር በ1995 የሲያትሉ ፕሮግረሲቭ ኔትወርክስ «ሪል ኦዲዮ»ን አውጥቶ ድምፁን አጥብቆ ባመቀ ጊዜ፣ አድማጩ ገና እየወረደ ያለውን መስማት ቻለ፤ ንግግሩ ይለይ ነበር፣ ዜማው ግን እጅግ ይጎድፍ ነበር።

ከዚህም የከበደው የድምፁ የጉዞ ጠባይ ነው። ከአፋር ወደ መቐለ የሚመጣ አሞሌ በየግመሉ ተከፋፍሎ ተጭኖ፣ አንዱ ቀድሞ ሌላው ዘግይቶ እንደሚደርስ፣ በኢንተርኔት የሚላክ ድምፅም ተቆራርጦ ይጓዛል፤ ከፊሉም በመንገድ ይቀራል። ስለዚህ የመጣውን ለጥቂት ሴኮንዶች በመጠባበቂያ ቋት አኑሮ፣ በተራው አሰልፎ ማሰማት አስፈለገ፤ ቋቱ ሲጎድል ድምፁ ይቋረጣል።

ሌላም ጭንቅ አለ፤ እኔም ዋነኛው ይህ ይመስለኛል። የራዲዮ ምሰሶ ለአንድ ሰውም ለመቶ ሺሕ ሰውም በእኩል ወጪ ያሰማል፤ በኢንተርኔት ግን ለእያንዳንዱ አድማጭ የየራሱ ቅጂ ስለሚላክለት፣ አድማጭ በበዛ ቁጥር የላኪው መስመር ይጨናነቃል፣ ዕዳውም ይከብዳል።

ኢትዮጵያ በ1989 ዓ.ም. ከኢንተርኔት ስትገናኝ፣ የአጭር ሞገድ ራዲዮ በሀገሩ ሥር ከሰደደ ቆይቶ ነበር፤ የጀርመኑ የዶይቸ ቬለ አማርኛ ክፍል ከ1957፣ የአሜሪካ ድምፅ አማርኛ ክፍል ከ1975፣ በበረሃ የተወለደው ድምፂ ወያነም ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ ይሰማ ነበርና። የኢንተርኔቱ በረከት አስቀድሞ የደረሰው በባሕር ማዶ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ሲሆን፣ የሀገራቸውን ቋንቋ ሞገዱ በማይደርስባቸው ከተሞች ሳይቀር ይሰሙ ጀመር።

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ሲፈነዳ በክልሉ ስልክና ኢንተርኔት ተቋረጡ፤ ብዙውን ጊዜም መብራት አልነበረም። ያ ሁሉ የሊቃውንት ድካም ለመቐለ ሰው አንዳች አልጠቀመውም፤ በባትሪ ድንጋይ የምትሠራ ራዲዮ ያለው ግን የሩቁን ዜና ያገኝ ነበር። እርግጥ ሞገድም ይታወካል፤ በ2002 ዓ.ም. መንግሥት የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ስርጭት አፍኖ እንደ ነበረ አይዘነጋም። ቢሆንም ሞገድን ማፈን አድካሚ ነው፣ ኢንተርኔትን መዝጋት ግን የአንድ ትእዛዝ ሥራ ነው። ስለዚህ የስርጭት ባለሥልጣኖቻችንና የውጭ ጣቢያዎች ኃላፊዎች፣ ወጪ ቀነሰልን ብለው የአጭር ሞገድ ማሰራጫዎችን ከመዝጋታቸው በፊት፣ ያን ጊዜ በትግራይ የነበረውን ሕዝብ አስቀድመው እንዲጠይቁ እማጸናለሁ።