ልኬት የሌለው ደብዳቤ

እናቴ በሕይወቷ ከጻፈችልኝ ደብዳቤዎች ሁሉ ረጅሙ ስለ ዶሮ ወጥ የጻፈችው ነው። በ1977 ዓ.ም. የገና ሰሞን ከአዲስ አበባ በሰው እጅ ተልኮ ዋሽንግተን ደረሰኝ። አብሮትም በሁለት ላስቲክ የተጠቀለለ በርበሬ ነበረ። በዚያን ጊዜ እኔና ሦስት ጓደኞቼ በአንድ ምድር ቤት ተዳብለን እንኖር ነበር። አራታችንም «ወንድ ልጅ ማጀት ምን ያደርጋል?» እየተባልን ያደግን ነን። በዓል በመጣ ቁጥር የሚያሳፍረን ድህነታችን ሳይሆን አለማወቃችን ነበር።

«ሽንኩርቱን አድቅቀህ ክተፍ» ይላል ደብዳቤው፤ «ዘይት ሳታሳየው አቁላላው። ሊይዝ ሲል ጠብ ጠብ እያደረግህ ውሃ ስጠው። በርበሬውን እንደሚበቃው ጨምር፤ ሲበስል ሽታው ራሱ ይነግርሃል። ዶሮውን በሎሚና በጨው ደጋግመህ እጠበው፤ አሥራ ሁለት ብልት መሆኑን አትርሳ።» የሚበቃው ስንት እንደሆነ ግን አንድም ቦታ አልተጻፈም። የመጀመሪያው ወጣችን አረረ። ሁለተኛው ቀጠነ። በሦስተኛው ላይ ሽታው እውነትም ነገረኝ።

እነሆ ከዚያ ወዲህ አርባ ዓመታት አለፉ። ባለፈው የፋሲካ ዋዜማ ልጄ ሚዛንና ደብተር ይዛ ከምድጃው አጠገብ ቆመች። «አባዬ፣ በግራም ንገረኝ እንጂ» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ግራሙን ስላላወቅሁ የማውቀውን ነገርኋት፤ እያንዳንዱ ነገር ወደ ድስቱ ከየት እንደመጣ። ይህም ጽሑፍ ከዚያ ጨዋታ የተወለደ ነው።

ጤፉና ኮረሪማው በአገራችን ምድር የበቀሉ፣ የአባቶቻችን አባቶች ያለሟቸው ናቸው። በርበሬው ግን እንግዳ ነው። እስከ 15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ ከአሜሪካ አህጉር ውጪ ማንም አያውቀውም ነበር። ከኮሎምበስ ጉዞ በኋላ ነው በመርከበኞችና በነጋዴዎች እጅ ወደ አፍሪካና ወደ እስያ የተሻገረው። እንግዲህ አክሱምን ያቆሙ፣ ላሊበላን የፈለፈሉ ሰዎች በርበሬ ቀምሰው አያውቁም። የሚያቃጥል ነገር ሲያምራቸው ጥምዝና ዝንጅብል ነበራቸው። ይህን በተናገርሁ ቁጥር የሚቆጡኝ ወዳጆች አሉ፤ ከታሪካችን ላይ ሦስት ሺህ ዓመት የቀነስሁባቸው ይመስላቸዋል። እኔ ግን እንዲህ እላለሁ፦ በርበሬን የእኛ ያደረገው ዘሩ አይደለም። በፀሐይ ያሰጡት፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል፣ ከበሶብላና ከጤና አዳም ጋር በሙቀጫ የደለዙት፣ ዓይናቸውን እያቃጠላቸው የነፉት ሴቶች ናቸው የእኛ ያደረጉት። እንግዳን ባላገር የሚያደርገው ድካም ነው።

የእነዚህን ሴቶች ድካም ግን የጻፈው ጥቂት ነው። በ1880 ዓ.ም. የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ እቴጌ ጣይቱ ያሰናዱት ግብር ለቀናት የዘለቀ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ከብቶች የታረዱበት ነበር። የዳግማዊ ምኒልክ ዜና መዋዕል ጸሐፊ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ድግሱን አስፍረው አቆይተውልናል። ዛሬ «የኢትዮጵያ ምግብ» የምንለው የወጥ፣ የእንጀራና የጠጅ ሥርዓት እንዲህ ባለው ግብር ላይ እንደ አንድ የመንግሥት ክብር ጎልቶ መታየቱን የምግብ ታሪክ አጥኚዎች ያስረዳሉ። ሽንኩርት ስትከትፍ ያደረችው ሴት ግን በዚያ መዝገብ ውስጥ ስም የላትም።

ከድግሱ በኋላ የመጣውንም ብዙ ጊዜ እንዘለዋለን። ብዙም ሳይቆይ፣ ለኢጣልያ ጦር ተብለው በምፅዋ በኩል ከገቡ ከብቶች ጋር የመጣው ደስታ በሽታ የአገሩን ከብት ጠርጎ ፈጀው። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ እርሻ ሲቆም ክፉ ቀን ሆነ። እስከ 1884 ዓ.ም. በዘለቀው ረኃብ ስንቱ ሰው እንዳለቀ ቆጥሮ የጨረሰ የለም። ያን ሁሉ ከብት ያሳረዱት ንጉሥ ራሳቸው ዶማ ጨብጠው ቆፈሩ። ለእኔ የምግብ ታሪካችን ማለት ሁለቱም ገጽ ነው፤ የድግሱን ብቻ የሚያነብ ግማሹን አላነበበም።

በስደት ደግሞ ሌላ ምዕራፍ ተጨመረ። ጤፍ በማይገኝበት በዚያ ዘመን እንጀራችን ከስንዴ ዱቄትና ከጋዝ ውሃ የተቦካ ነበር። ምጣዳችንም የኖርዌይ ስደተኞች ዘሮች ሌፍሰ የሚሉትን ስስ የድንች ቂጣ የሚጋግሩበት የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። የአንዱ ስደተኛ ናፍቆት ለሌላው ስደተኛ ምጣድ ሆነው። ኋላም በአይዳሆ ግዛት ጤፍ ይዘራ ጀመር። ከባህር ማዶ ደግሞ አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ በ2007 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ የባለቤትነት መብት እስከ ማግኘት ደረሰ፤ የሄግ ፍርድ ቤት መብቱ በሆላንድ ዋጋ እንደሌለው የወሰነው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። ዜናውን የሰማሁ ቀን እናቴን አሰብሁ። እርሷ የጻፈችው ባለቤት እንዲኖረው ሳይሆን ልጇ እንዲበላ ነበር።

ስለ ደብዳቤው ግን የቀረኝ ነገር አለ። በመስከረም 1977 ዓ.ም. ወሎና ትግራይ በረኃብ ሲያልቁ መንግሥት የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በታላቅ ድግስ አክብሮ ነበር። አዲስ አበባም ጤፍ በቀበሌ ሰልፍ የሚገኝበት ጊዜ ነው። እኔ በምድር ቤቴ ሆኜ ይህን በጋዜጣ አነብባለሁ እንጂ ከእናቴ ድስት ጋር አላገናኘሁትም። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ አገሬ ስገባ እህቴ ወደ ጓዳ ጠርታ ነገረችኝ። «ያን ገና እኛ ቤት ዶሮ አልታረደም። ሽሮ ነው የበላነው። በርበሬውንም ለዓመት ካስቀመጠችው ከፍላ ነው የላከችልህ።» እናቴን ብጠይቃት ነጠላዋን አጣፍታ፣ «ማን ነው እንዲህ ያለህ? በልተናል» አለች። ሁለተኛ አልጠየቅኋትም። በሁለት ዓመቱ አረፈች።

በፋሲካ ዋዜማ ያደረግነው ይህ ነው። ልጄ ሳህኑን ሚዛኑ ላይ አስቀመጠች፤ እኔ እንደ ልማዴ በእፍኜ ሦስት ጊዜ በርበሬ ዘገንሁ፤ እርሷ ቁጥሩን ጻፈች። የእናቴ እጅ ግን ከእኔ እጅ ያንስ ነበር። ስለዚህ ቁጥሩ የእኔ ነው እንጂ የእርሷ አይደለም። ይህንንም ነገርኋትና ጻፈችው። ከግራሙ ሥር ደግሞ አንድ መስመር በገዛ እጄ ጨመርሁበት፦ «ይህን ያስተማረችን አያትሽ፣ ባስተማረችን ዓመት ራሷ አልቀመሰችውም።»